«ውሻ ታስሯል?»

ዓለም ባንክ ሰፈር የሰው በር የሚያንኳኳ ሁሉ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው። ቆጣሪ አንባቢው ይጠይቃል፤ የዕድር መዋጮ የሚሰበስቡት አባት ይጠይቃሉ፤ ግቢውን ጠንቅቃ የምታውቀው የቡና ጎረቤት እንኳ ሳትጠይቅ አትገባም። ከውስጥ «ግቡ፣ ታስሯል» የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ደጁን የሚያልፍ የለም። ከቆርቆሮው ጀርባ ሰንሰለት ሲንኳኳ፣ ከደረት የሚወጣ ወፍራም ጩኸት በሩን ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ «ታስሯል» ያለውንም ሰው ማመን ያስቸግራል።

ሰፈሩ ውሻ የሚያበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚገኝበት ኮልፌ ቀራኒዮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር የተዘረጋ ክፍለ ከተማ ነው። ግቢዎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ጅምር ቤቶች፣ ብሎኬትና ፌሮ የተከመረባቸው ባዶ ቦታዎች አሉ። መብራት የጠፋ ሌሊት ጨለማው ድቅድቅ ነው። የዘበኛ ደመወዝ ለብዙ ቤተሰብ ስለማይቻል የሌሊቱ አደራ በውሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህም ውሻው ትልቅና ቁጡ እንዲሆን ይፈለጋል፤ በሩ ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀይ ቀለም ይጻፋል።

ተፈትቶ ሳለ እንግዳን ከሌባ የሚለይ፣ «በቃ» ሲባል የሚያቆም፣ የቤቱን ሕፃን እንደ ራሱ ቡችላ የሚጠብቅ ትልቅ ውሻ መኖሩን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። እኔ አምናለሁ። እንዲህ ያለው ውሻ ተገዝቶ አይመጣም፤ ያድጋል። ከአስተዳደጉ በፊት ግን ምን ዓይነት ውሻ እንደያዝን ማወቅ አለብን፤ ትልልቆቹ ሁሉ አንድ አይደሉምና።

በሰፈሩ አነጋገር ውሻ ወይ አበሻ ነው፣ ወይ የፈረንጅ ነው፣ ወይ ክልስ ነው። የፈረንጅ ውሻ ሲባል ለረጅም ዘመን ጀርመን ሸፐርድ ማለት ነበር። ዛሬ ሮትዋይለር፣ የደቡብ አፍሪካው ቦርቦልና የካውካሰሱ እረኛ ውሻ ስማቸው በገበያው ይጠራል፤ በዚህ ስም የሚሸጠው ቡችላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክልስ ነው። ጀርመን ሸፐርድን ዘር አድርጎ ያቋቋመው ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 አንድ የበግ እረኛ ውሻ ገዝቶ ሆራንድ አለው፤ የዘሩ መዝገብ በዚያ ውሻ ተጀመረ። ይህ ዘር በጎችን በመንዳት የኖረ ነው። ነጂ ውሻ ዓይኑን ከእረኛው ላይ አይነቅልም፤ ግራ ሲባል ግራ፣ ቁም ሲባል ቁም ለማለት ተመርጦ የተወለደ ነው። ስለዚህ ለመማር ይፈጥናል፤ ፖሊሶችም የሚመርጡት ለዚህ ነው። የወንዱ ክብደት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

የካውካሰሱ ውሻና የቱርኩ ካንጋል ሌላ ዓለም ናቸው። በግ አይነዱም፤ ከበጎች ጋር ይኖራሉ። ካንጋል ስሙን ያገኘው በሲቫስ አውራጃ ከምትገኝ ከተማ ሲሆን፣ ፊቱ ጥቁር፣ ገላው ቡላ፣ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ውሻ ነው። ተኩላ ሌሊት ሲመጣ እረኛው ተኝቷል፤ የሚያዝ ሰው የለም። ውሻው ራሱ አይቶ፣ ራሱ መዝኖ፣ ራሱ መወሰን አለበት። በዚህ ሥራ ብዙ መቶ ዓመታት የተመረጠ ውሻ «ና» ሲባል ቆም ብሎ ዙሪያውን ቢያይ ደንቆሮ ሆኖ ወይም ንቆ አይደለም። ጌታው የማያየውን እንዲያይ ተደርጎ የተፈጠረ ነው። ጀርመን ሸፐርድ ያሳደገ ሰው ካውካሰስ ሲገዛ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ያው ትእዛዝ፣ ያው ጩኸት፣ ግን ሌላ መልስ።

እነዚህ ጠባቂ ውሾች በሥራ ላይ ምን እንደሚመስሉ ከአህጉራችን ጥሩ ምሳሌ አለ። ናሚቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች ካንጋልና አናቶሊያ እረኛ ቡችሎች ሲሰጥ ቆይቷል። ዓላማው ገበሬው ፍየሉን ስላጣ አቦሸማኔውን እንዳይገድል ነው። ቡችላው ገና በጨቅላነቱ ከፍየሎቹ ጋር በበረት ይገባል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። ውሻውን ከያዙት ገበሬዎች አብዛኞቹ የከብት ኪሳራቸው ከ80 በመቶ በላይ መቀነሱን ተናግረዋል። እነዚያን ውሾች ንክሻ ያስተማራቸው የለም። አራዊቱን የሚመልሱት በአብዛኛው በመገኘታቸውና በጩኸታቸው ነው፤ አቦሸማኔ ደግሞ ለጠብ የሚቸኩል አውሬ አይደለም።

ጅብ ግን ሌላ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ሌሊት ጅብ መስማት ብርቅ አይደለም። ነጠብጣብ ጅብ ከ45 እስከ 70 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ መንጋጋው የበሬ ቅልጥም ይሰብራል። አበሻ ውሻ ከዚህ ጋር እንዲታገል አይጠበቅም፤ ማንቃት ነው ሥራው፤ ይህንንም በገጠሩም በከተማውም አሳምሮ ሠርቶታል። አበሻ ውሻን ንቆ ለፈረንጅ ውሻ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህንን ቢያስብ ደስ ይለኛል፤ ለአየሩም ለበሽታውም ለምዶ የቆየ፣ ጆሮው ንቁ የሆነ ጠባቂ በነፃ ከጎረቤት ይገኛል።

ወደ አስተዳደጉ እንግባ።

አሜሪካኖቹ ጆን ስኮትና ጆን ፉለር ባር ሃርበር በሚገኝ ቤተ ሙከራ ለዓመታት ቡችሎችን አጥንተው ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያ ጥናት የወጣው ትልቁ ነገር ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ነው። ቡችላ «የኔ ወገን ማነው? ምንስ አያስፈራም?» የሚለውን የሚመዘግበው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ቤተ ሙከራ በ1961 በታተመ ሌላ ሙከራ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳያዩ ያደጉ ቡችሎች በኋላ ሰው ሲቀርባቸው እንደ ዱር አውሬ ይሸሹ ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላ ማንኳኳት ይቻላል፤ መከፈቱ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል።

አሁን ይህንን ከእኛ ልማድ ጋር እናስተያየው። ቡችላው በአራትና በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ ተነጥሎ መንገድ ዳር በካርቶን ይሸጣል። ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢቆይ፣ ሲጫወቱ ጠንከር አድርጎ የነከሰ እንደሆነ ሌላው ጮሆ ጨዋታውን ስለሚያቆም፣ የጥርሱን ልክ ይማር ነበር። ይህንን ሳይማር ይመጣል። የገዛውም ሰው ጓሮ ወስዶ በቆርቆሮ ጎጆ ያስረዋል። ለምን ሲባል፣ «ሰው ከለመደ አይጠብቅም»።

ይህ አባባል በዓለም ባንክ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ ሥር የሰደደ ነው፤ ብዙ ውሻና ብዙ ሕፃን የጎዳም እሱ ነው። ሰው ያልለመደ ውሻ ሁሉንም ይፈራል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ሁሉም ላይ ይጮኻል። ለሌባም፣ ለቆራሌውም፣ ለነፋሱም እኩል ከጮኸ የቤቱ ሰው ጩኸቱን መስማት ያቆማል። እውነተኛው ሌባ በመጣ ሌሊት «ተወው፣ ልማዱ ነው» ተብሎ ይተኛል። ተራውን ሰው ጠንቅቆ የሚያውቅ ውሻ ግን ተራ ያልሆነውን ለይቶ ያውቃል። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከቀን እንግዳ ጋር በምንም አይመሳሰልበትም።

ስለዚህ ቡችላው በነዚያ ሳምንታት የሰፈሩን ሕይወት ማየት አለበት። ቦርሳ ያዘለ ተማሪ፣ ነጠላ ያጣፋች እናት፣ ጥምጣም የጠመጠሙ ቄስ፣ ጀለቢያ የለበሱ ሼህ፣ ዣንጥላ፣ ከዘራ፣ ባጃጅ፣ የብሎኬት መኪና፣ በማለዳ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ልጅ። እያንዳንዱን ሲያይ ትንሽ የሚጣፍጥ ነገር ይቀበል፤ ከፈራ ራቅ ይደረግ እንጂ አይገፋ። ክትባቱን ገና ስላልጨረሰ የመንገድ ውሾች የሚሄዱበት መሬት ላይ አይውረድ፤ በእቅፍ ይዙር። ውሻን ሰዎች በነፃነት የሚያቅፉበት ባህል የለንም፤ በኦርቶዶክሱም በሙስሊሙም ቤት ቦታው ግቢ ነው፤ እስልምናም ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን የሚያዝ ውሻን ይፈቅዳል። ግቢ ማደሩ ቡችላውን አይጎዳውም። የሚጎዳው ሰው ሳያየው፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ከጓሮ ተረስቶ ማደጉ ነው።

ሰንሰለቱስ? እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ጋር ያነጻጸረ ጥናት ታትሟል። በግቢ ታስረው የሚውሉ ውሾች በነካሾቹ ወገን የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሊደርስ የተቃረበ ነበር፤ ያልተኮላሹ ወንዶችም እንዲሁ ይበዙ ነበር። ምክንያቱ አያስቸግርም። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ የማይሸሽ እንስሳ የቀረው ምርጫ መዋጋት ነው። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያልፍ እያየ ሲዘል፣ አንገቱ በተሳበ ቁጥር አላፊውንና ሕመሙን ያያይዛል። ማታ ሦስት ሰዓት ሲፈታ የሚወጣው ይህ የተጠራቀመ ንዴት ነው። ሌላ መንገድ አለ፤ በግቢው ጥግ በሽቦ የታጠረ፣ ጥላና ውኃ ያለው ሰፊ ማቆያ ከሁለት ሜትር ሰንሰለት እጅግ ይሻላል። ውሻው እንግዳ ሲመጣ እዚያ ይገባል፤ የቀረውን ጊዜ ግቢው የእርሱ ነው።

ውሻ ቁጡ እንዲሆን ሚጥሚጣ ማብላት፣ ጆሮ መቁረጥ፣ ጨለማ ቤት ማሰር የሚሉ ልማዶችም አሉ። ሚጥሚጣው ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ጆሮው ስሜቱን ለሌላ ውሻና ለሰው የሚያሳይበት ነው፤ ጨለማው ያሳብደዋል። አንዳቸውም ጥበቃ አያስተምሩም።

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ዓለም ባንክ አንድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ውሻው መከታ ይባላል፤ የካውካሰስ ክልስ ነው፤ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖታል። ራሱ ከባለቤቱ ወገብ ይደርሳል፤ ጠባዩ ግን ገና የልጅ ነው። እንደዚህ ያሉ ትላልቅ ዘሮች አእምሯቸው የሚረጋው ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ነው። አሠልጣኙ ወጣት ነው። ወገቡ ላይ ባሰረው ከረጢት ተቀቅሎ ደቀቅ ተደርጎ የተቆረጠ ሳንባ ይዟል። ከሥጋ ቤት በርካሽ ይገኛል፤ ሽታው ግን ለውሻ ከምንም ይበልጣል።

የቤቱ ልጅ በጓሮ በር ወጥቶ ዋናውን በር አንኳኳ። መከታ ተነሣ። መጀመሪያ ጆሮው ወደ ፊት ቀጥ አለ፤ ቀጥሎ ከትከሻው እስከ ጅራቱ ጫፍ ያለው ጠጉር ቆመ፤ ከዚያ ጩኸቱ መጣ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሠልጣኙ አልጮኸበትም፣ ገመዱንም አልሳበም። ከሦስተኛው በኋላ በቀስታ «ጎሽ! በቃ» አለውና የሳንባዋን ቁራጭ አፍንጫው ዘንድ አደረሳት። ውሻው ለመሽተት አፉን ዘጋ። ያን ቅጽበት ነበር የሚጠብቀው። ከሰርቪሱ ጥግ ወደተነጠፈው ጆንያ እየመራ ወስዶ «ቦታህ» አለው። መከታ ዝቅ አለ፤ ክርኖቹ መሬት ሲነኩ ቁራጯን አገኘ። በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፈተ። ውሻው ብድግ አለ። በሩ ተዘጋ። ምንም ቁጣ የለም፤ ብቻ በሩ ተዘጋ። እንደገና «ቦታህ»፤ እንደገና ተኛ፤ የኋላ እግሮቹ እንደተወጠሩ፣ ከከንፈሩ የምራቅ ክር ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ከበሩ ወደ ወጣቱ፣ ከወጣቱ ወደ በሩ ያመላልሳል። በሩ በሰፊው ተከፍቶ ልጁ ሲገባ ሳይነሣ የቆየ ጊዜ እፍኝ ሙሉ ሳንባ ወረደለት።

ባለቤቱ በረንዳ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «አንተ፣ እንዲህ ካለዘብከው ሌባውንም ሊያስገባው ነው እኮ» አሉት።

«አይ ጋሼ፣ መጮኹን መቼ ከለከልኩት» አላቸው። «መቼ እንደሚያበቃ ነው የማሳየው። እርስዎ መጥተው እስኪያዩ የእርሱ ሥራ ነው፤ ካዩ በኋላ የእርስዎ ነው።»

ትምህርቱ ከአሥር ደቂቃ አላለፈም፤ ትልቅ ውሻ ይሰለቻል፣ ከሰለቸም አይሰማም። በየቀኑ ይደገማል፤ ሁሉም የቤት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀማል። አባት «በቃ»፣ እናት «ዝም በል»፣ ሠራተኛዋ «ክድ!» የሚሉበት ቤት ውሻው የማንንም አይሰማም። ከሰንሰለት ይልቅ ረጅም ገመድ ይያዝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዱላ ይቅር። 60 ኪሎ የሚደርስን እንስሳ በዱላ የምንገዛው እስከ ጊዜው ብቻ ነው። ውሻ ሲያጉረመርም የሚናገረው «አትቅረበኝ» ብሎ ነው፤ ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ንክሻውን ግን አይተውም። «ሳይጮኽ ነከሰኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ካሉ ውሾች ነው። ጅራቱን መቁላቱም ሁልጊዜ የፍቅር ምልክት አይደለም። ጅራት ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ በአጭሩ ሲወዛወዝ፣ ገላው ቀጥ ብሎ ዓይኑ ሲተከል፣ ያን ጊዜ እጅ አይዘርጉ።

«ያዝ!» የሚለውን ትእዛዝ ግቢ ውስጥ በጨዋታ ማስተማር ደግሞ አደገኛ ነው። ይህ የፖሊስ ውሻ ትምህርት ነው፤ በዚያም ቢሆን ይዞ መልቀቅን የማይማር ውሻ አይፈለግም። ለግቢ ጥበቃ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ከሰው እጅና ከመሬት ምግብ አለመቀበል ነው፤ ሌቦች የተመረዘ ሥጋ በአጥር ይወረውራሉና። ከራሱ ሳህን፣ «ብላ» ሲባል ብቻ እንዲበላ ከቡችላነቱ ይለማመድ።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር አለ። ትርፍራፊ የሚበላ ውሻ እንጀራውን ይፈጫል፤ ውሻ ከተኩላ የሚለየው አንዱ ነገር ስታርች የሚፈጭበት ጂን መብዛቱ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2013 ተረጋግጧል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ውሻው 55 ቀን በሽሮ ይቀራል፤ በማደግ ላይ ላለ ግዙፍ ቡችላ ይህ ከባድ ነው፤ እንቁላልና ሳንባ ቀድሞ ቢታሰብለት መልካም ነው። በሌላ በኩል ቶሎ እንዲገዝፍ ብሎ ማወፈር የዳሌውን መገጣጠሚያ ይጎዳዋል። ጎኑን ሲዳብሱት የጎድን አጥንቱ መታወቅ አለበት።

ክትባት ላይ ቸል ማለት አይገባም። በዓለም የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያዘው ከውሻ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ በሽታ ጋር የቆየ ታሪክ አላት፤ ትልቅ ወረርሽኝ የተመዘገበባት እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። ዛሬም ጉለሌ የሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሕዝቡ ፓስተር የሚለው፣ የተጠረጠሩ ውሾችን ናሙና ይመረምራል። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዚያም ክትባቱ በየጊዜው ይታደሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያጥባል፣ በቀጥታም ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ጠበልም ሆነ የሐበሻ መድኃኒት የክትባቱን ቦታ አይተካም፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን ከሞላ ጎደል አይቻልምና። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ አይገደልም፤ ተለይቶ ለ10 ቀን ይታያል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ባያስብም። በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ መጻፍ ከዚህ አያድንም። ይህንን የማነሣው በተለይ ውሻቸውን ሌሊት ወደ መንገድ ለሚለቁ ነው። በዚህ ሰፈር ገና ሳይነጋ ለኪዳን የሚወጡ እናቶችና ለሱብሂ ሰላት የሚሄዱ አባቶች በአንድ መንገድ ያልፋሉ፤ ድንጋይ በኪሳቸው ይዘው መሄድ የለባቸውም። የውሻው አደራ የግቢው አጥር ድረስ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቡችላው ከመገዛቱ በፊት መታሰብ ያለበት ነው። ግዙፍ ውሻ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ሊገባ፣ ግቢው ለልማት ሊፈለግ፣ ልጆቹ ወደ ውጭ ሊሄዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ብዙ ጠባቂ ውሾች የመንገድ ይሆናሉ፤ ሰው ሳይለምዱ ያደጉት ደግሞ ማንም አይቀበላቸውም። መሄድ ግድ ከሆነ ተረካቢው ቤተሰብ አስቀድሞ ይገኝ። ሁለትና ሦስት ሳምንት እየተመላለሱ በግቢው ያብሉት፣ «ቦታህ» እና «በቃ» የሚሉትን ቃሎቹን ይልመዱ፣ የተኛበትን ጆንያና የክትባት ካርዱን አብረው ይረከቡ።